ስሜን ያስጠራችው አኒታ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። መጀመሪያ እኔ ነኝ፤ አባት፣ ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየሁ፣ የማውቀውን ሁሉ በራሴ አንብቤ ያወቅሁ። ቀጥላ ባለቤቴ ናት፤ ከእኔ ይልቅ እሷን የሚወድ ሰው ይበዛል፣ ተገቢም ነው። ከዚያ ልጃችን፤ ሴት ናት፣ ሌላ አልወለድንም። ከዚያ ባሏ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ አፉን ሲበላና ሲጸልይ ብቻ የሚከፍት ደግ ልጅ። ከዚያ የባሏ እናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር መበለት። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፣ "እህቴ" እላታለሁ፤ እዚህ ግን ብዕሩ የእኔ ስለሆነ "እሷ" ነው የምላት። ከዚያ የልጅ ልጄ አለች። መጨረሻ ላይ ውሻዋ። የሰዎቹን ስም አልጽፍም። የልጅቷንና የውሻዋን ስም ሳልጽፍ ግን ነገሩ አይነገርም፤ ሁለቱም አኒታ ይባላሉ።

እኛ ዘንድ የሰው ሁለተኛ ስሙ አባቱ ነው። ይህን ቀላል ነገር ለማስረዳት እዚህ አሜሪካ ስንት መስኮት ፊት እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። "ላስት ኔም?" ሲሉኝ የአባቴን ስም እሰጣለሁ፤ ከዚያ ባንኩም ክሊኒኩም እኔን ትተው አባቴን ይጠራሉ። ልጄ ስትወለድ ግን አልተሸነፍኩም። የሆስፒታሉ ጸሐፊ የአባቴን ስም እያሳየችኝ "የቤተሰቡ ስም ይህ አይደለም እንዴ?" ብትለኝ፣ "የእሱ ልጅ እኔ ነኝ፤ እሷ የእኔ ልጅ ናት" ብዬ የራሴን ስም አስጻፍኩ። ልጄ ትምህርት ቤት በእኔ ስም ተጠራች። ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በተመረቀች ቀንም በእኔ ስም ተጠራች። ስሜ በማይክ ሲነገር ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ባለቤቴ ኮቴን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

ስታገባ ስሙን ቀየረችው።

"ዳዲ፣ ጀስት ፔፐርወርክ ነው" አለችኝ።

"አባት ፔፐርወርክ ነው?"

"እንደዛ አላልኩም። ኤቭሪባዲ የሚያደርገው ነው። ልጆች ሲመጡ ኢዚ እንዲሆን።"

የባሏ "ላስት ኔም" ደግሞ የባሏ አባት ስም ነው። ልጄ ሰውዬውን አይታው አታውቅም፤ እሷ ከማግባቷ ብዙ ዓመት በፊት ሞቷል። እንግዲህ በወረቀት የእሱ ልጅ ሆነች። የመበለቲቱ ባል መቃብር ውስጥ ሆኖ ልጄን ወሰደብኝ፣ እኔ ደግሞ በሕይወት እያለሁ ስም አስጠሪ የሌለኝ ሰው ሆንኩ። ሴት ልጅ ባል ታገባለች እንጂ አባት አትቀይርም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይስቃል፤ የሚስቁት ግን ወንድ ልጅ ያላቸው ናቸው።

ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ይቅር ስላልኩ አይደለም፣ አንድ ነገር ስለቀረኝ ነው። የልጅ ልጅን ስም አያት ያወጣል። ልጄ ማርገዟ እንደተነገረኝ አንድ ስም አዘጋጀሁ። ለማንም አልነገርኩም፣ ለባለቤቴም ጭምር። አሁንም አልጽፈውም። ሁለተኛው ስሟ የሞተው ሰው ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ከእኔ አፍ የወጣ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ "ማን አወጣልሽ?" ሲላት "አያቴ" ትላለች ብዬ ነበር። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው። ብዙ አይደለም።

የልጅ ልጄ የተወለደችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኛ የምንኖረው ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው። ስልኩ እንደተደወለ ተነሥተን ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ገባን፤ ድልድዩ ጋ መኪናው ሁሉ ተገትሯል። ባለቤቴ ትዘምራለች፣ እኔ ስሙን በልቤ እደጋግማለሁ። ስንደርስ ልጄ ተኝታለች። ህጻኗ በባልየው እናት እቅፍ ናት። ግድግዳው ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ ነርሷ በሰማያዊ ቀለም "አኒታ" ብላ ጽፋ፣ ከጎኑ ልብ ስላበታለች።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወንድሜ። አኒታ ብለናታል።"

"ማነው ያወጣው?"

"እኔ ነኝ።"

"በማን ቋንቋ?"

"በስፓኒሽ። ትንሿ ሐና ማለት ነው።"

"ትልቋ ሐና ምን አደረገቻችሁ?"

"ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ አራስ ተኝታለች።"

ባለቤቴ "ጌታ ያሳድጋት፣ ጌታ ይባርካት" እያለች በመሃላችን ገብታ ህጻኗን ተቀበለች። እኔ ሰሌዳውን እያየሁ ቆምኩ። አጠገቡ መጥረጊያው ተንጠልጥሏል። እጄ ሄዶ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ምክንያቷን በኋላ ልጄ ነገረችኝ። ሴትዮዋ ባሏ ሞቶ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትገባ፣ ከምትኖርበት ፎቅ በታች አንዲት የኤልሳልቫዶር ሴት ነበረች፤ ሁሉም አኒታ የሚላት። መበለቲቱ ቢሮ ልታጸዳ ስትሄድ ልጇን ያበላችላት፣ ያስተኛችላት፣ የመጀመሪያውን የክረምት ጃኬት የገዛችለት ይህች ሴት ናት። ስትሞት ልጅም የልጅ ልጅም አልነበራትም። መበለቲቱ በአልጋዋ አጠገብ ቆማ "ሴት ልጅ በቤቴ ከተወለደች ስምሽ አይጠፋም" ብላ ቃል ገባች። ጥሩ ምክንያት ነው። ቃል ማክበርም ጥሩ ነው፣ እኔ ራሴ ስሰብከው የኖርኩት ነገር ነው። ነገር ግን ውለታው የእሷ ነበር፤ የከፈለችው በእኔ የልጅ ልጅ ነው። በሌላ ሰው በግ የተሳልከውን ስለት አስገባ ቢሉኝ እኔ አላስገባም።

ስለዚህ ስሙን ላጠናው ተነሣሁ። የምትጠላውን ነገር ከምትወደው ይልቅ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የስሞች መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ። አና የሚለው ከእኛው ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሐና የመጣ ነው፤ ጸጋ ማለት ነው። ግሪኮች "ሐ"ውን ጣሉት፣ ሮማውያን አና አሉ፣ ስፔኖች ከኋላው "ኢታ" ቀጠሉበትና አኒታ ሆነች። ሐናን ከቤታችን አውጥተው፣ ባሕር አሻግረው፣ በፈላ ውሃ እንደታጠበ ሹራብ አሳጥረው መለሱልን ማለት ነው። እኔ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ አብሮኝ የሚሠራ የኤልሳልቫዶር ሰው አለ። "ኢታ ምንድን ነው?" አልኩት። ቡና ሲጠጡ ትንሽዬ ቡና፣ ቆይ ሲሉ ትንሽዬ ቆይ፣ እናትን ሲጠሩ ትንሽዬ እናት እንደሚሉ ነገረኝ።

"እናትህ አጭር ናት?" አልኩት።

"ከእኔ ትረዝማለች" አለኝ እየሳቀ። "ቁመቷን አይደለም የምናሳንሰው። እንድትቀርበን ነው።"

ይህ ነገር አናደደኝ፤ የሚገባኝ ነገር ስለሆነ። እኛም ህጻኒት፣ ሙሽሪት፣ አሮጊት እንላለን፤ "ኢት" የእኛም ናት። ዝምድና እንደሌላቸው አውቃለሁ፣ መጽሐፍ አንብቤ ነው የምናገረው። ግን ጆሮ መጽሐፍ አያነብም።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሕንዳዊ ጎረቤቴ ሊፍት ውስጥ ስነግራቸው ደግሞ "አኒታ? የእኛ ስም ነው እኮ፤ አክስቴ አኒታ ናት" አሉኝ። አሜሪካኖቹም የስፔን ዘር ሳይኖራቸው አንድ ዘመን ሴት ልጅን ሁሉ አኒታ ይሉ እንደነበር መጽሐፉ ይላል። ስሙ ፋሽን ሆኖ ገባ፤ ከዚያ ያ ፋሽን ከባለቤቶቹ ጋር አረጀ። የመኪና ቁልፍ ከሚሰጡኝ ደንበኞች ውስጥ አኒታ የሚባሉትን ማስተዋል ጀመርኩ። ሁሉም ፀጉራቸው የሸበተ ነው። የልጅ ልጄ የጡረተኛ ስም ይዛ ተወለደች።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ለሴትዮዋ ደወልኩላት። የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ፣ ያረጀ፣ ያጠረ ስም መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

"ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር" አለች በመጨረሻ። "ጌታ ይባርክዎት፣ ወንድሜ። ደክመዋል።"

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለእህቶች ስትናገር ባለቤቴ ሰማቻት። "ስሙ ከቅዱስ ቃሉ የወጣ ነው፤ ጸጋ ማለት ነው፤ ስፔኑም አሜሪካኑም ሕንዱም የወደደው ነው።" የወረወርኩባትን ድንጋይ ለቅማ አጥር ሠራችበት።

እዚህ ላይ ውሻዋ ትመጣለች።

በተወለድኩበት አገር የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፣ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። አባቴ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣልቶ ነበር። ሰላምታ ተቋርጧል፤ በአደባባይ መሳደብ ደግሞ ነውር ነው። አባቴ ቡችላ አመጣና "አያፍር" አለው። ጎረቤቱ በደጃችን ሲያልፍ አባቴ ብቅ ይልና "አያፍር! አንተ አያፍር! ና ብላ!" ይላል። ውሻውን ነው የጠራው፤ ማን ይከሰዋል? ሰውየውም ቆየና ቡችላ አሳደገ። አንድ ቀን ማታ አባቴ "አያፍር!" ብሎ ሲጣራ ከአጥሩ ማዶ "አንተው ነህ! አንተው ነህ! ና ወዲህ!" የሚል ድምፅ መጣ። የዚያኛው ውሻ ስም "አንተው ነህ" ነው። መንደሩ በሳቅ ሞተ። ሁለቱ ውሾች እስኪያረጁ ድረስ አባቴና ጎረቤቱ በዚህ ሲነጋገሩ ኖሩ።

አሌክሳንድሪያ ካለው የውሻ መጠለያ አንዲት ቡናማ፣ ጆሮዋ የወደቀ ውሻ አመጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

"ውሻ ትወዳለህ እንዴ?"

"አልወድም።"

"ታዲያ?"

"አኒታ ትባላለች።"

ባለቤቴ የእኔው አገር ልጅ ናት፣ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። "አንተ ሰውዬ" አለች፣ "በዚህ ዕድሜህ! ጌታን አትፈራም?" እፈራለሁ። ግን ውሻዋ ውስጥ ገብታ ሶፋው ሥር ተኝታለች፤ ስሙም ወጥቷል።

የጠበቅሁት ጠብ ነበር። ልጄ ባሏን፣ ህጻኗንና አማቷን ይዛ ልትጠይቀን መጣች። በሩ ሲከፈት ጠብቄ፣ በትልቅ ድምፅ "አኒታ! ነይ ወዲህ! ከምንጣፉ ላይ ውረጂ!" አልኩ። ውሻዋ ጅራቷን እየቆላች መጣች። ከዚያ ልጄ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ! በእሷ ስም ነው ያወጣህላት? ዛትስ ሶ ስዊት!"

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ስሙን ሄይት ያደረግከው፣ የጠላኸው መስሎኝ ነበር እኮ" ትለኛለች። ባሏ በስልኩ ፎቶ አነሣን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ህጻኗና ውሻዋ። በዚህ አገር ውሻ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ልደት ይከበርለታል፤ በሰው ስም መጥራት ማክበር ነው። ልጄ እዚህ ነው ያደገችው። የወረወርኩት ጦር እሷ ዘንድ ሲደርስ አበባ ሆነ።

ሴትዮዋ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ እንደ ሆስፒታሉ ሰሌዳ ነጣ። ደረጃው ላይ ስሸኛት ወደ ኋላ ቀረት አለች።

"ወንድሜ፣ እኔም ያደግሁት አገር ቤት ነው።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ።"

"ጎረቤታችን ውሻውን 'ልክሽን እወቂ' ይለው ነበር። ለእናቴ ነበር።"

"እና ለልጄ ሊነግሯት ነው? ይንገሯት።"

"አልነግራትም" አለችኝ። ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ዛሬም አይረሳኝም። "ለክፉ ቀን አስቀምጠዋለሁ። ልጅዎ ስታቅፍዎት አይቻለሁ፤ ዕቅፉን እንዳያጡት ይጠንቀቁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቴ በእጇ ገባ። በቀል የሚጥመው ያጠቃኸው ሰው መጠቃቱን ሲያውቅ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ያወቀችው እሷ ብቻ ስትሆን፣ ዕውቀቱ የእሷ ንብረት ይሆናል። እኔ ይህን አላሰብኩም።

ህጻኗን ለጌታ የምናቀርብበት እሁድ ደረሰ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወላጆች ልጁን ይዘው ይወጣሉ፣ መጋቢው ይጸልያል፣ አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ የስሙን ትርጉም ተናግሮ ይባርካል። እኔ ስሟን በአፌ ለልጅቷ ጠርቼ አላውቅም ነበር፤ "እናትዬ"፣ "እሜቴ" እያልኩ ነበር የማልፈው። ሴትዮዋ ቅዳሜ ማታ ደወለች።

"ነገ ስሙን የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ አልችልም።"

"ያጠኑት እርስዎ አይደሉ? ግሪኩን፣ ሮማውን፣ ሕንዱን? ወይስ እኔ ተነሥቼ የሁለቱን አኒታዎች ትርጉም ላስረዳ?"

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሕዝብ ፊት፣ ክራቫት አስሬ ቆምኩ። ስለ ሐና ተናገርኩ፤ ልጅ አጥታ ስለማለቀሷ፣ ጸሎቷ ስለመሰማቱ፣ ስሟ በስንት አገር እንደዞረና በየሄደበት እንደተወደደ። ሕዝቡ "አሜን!" ይላል። "አኒታ፣ ጌታ ጸጋውን ያብዛልሽ" ስል ህጻኗ ዞራ አየችኝ። ሴትዮዋ ፊተኛው ወንበር ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ "አሜን" አለች። መጋቢው በኋላ እጄን ጨብጦ "ከልብዎ የወጣ ነበር" አለኝ። ዋሽቷል ልበል ወይስ እኔ ዋሽቻለሁ? ንግግሩ ጥሩ ነበር። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። የቆምኩበት ምክንያት ብቻ ነው ውሸት።

ያም አልበቃት። ሥራ ላይ በነበርኩበት ቀን ውሻዋ እግሯን አመማትና ልጄ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዛት ሄደች፤ አማቷ መኪናው ውስጥ ነበረች። ማታ ስልኬ ጮኸ።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወንድሜ።"

"በምን?"

"ስም አስጠሪ አገኙ።"

አልገባኝም። ክሊኒኩ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ብቅ ብላ "አኒታ" ካለች በኋላ የእኔን የራሴን ስም ጨምራ ጠራች አለችኝ። የአባቴን ስም ሳይሆን የእኔን። "ሙሉ ስሟ ከነአባቷ! እኔ መቼም ሌላ ልጅ እንዳለዎት አላውቅም ነበር።" ሳቋ እስኪያልቅ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

ያደረግሁትን ያን ጊዜ አስታወስኩ። መጀመሪያ ክሊኒኩ ስመዘግባት ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ሣጥን የ"ላስት ኔም" ነበር። እኔ ስሜን ስጽፍ እኔን አስቀድሜ፣ አባቴን አስከትዬ ነው፤ መነጽሬን አላደረግሁም፤ በልማድ ጻፍኩት። እኔ በተገለበጠ ስም፣ እንስሳ በባለቤቱ ላስት ኔም ስለሚጠራ ውሻዋም በእኔ ስም ተመዘገብን። ለልጄ ስንት መስኮት ፊት ተከራክሬ ያስከበርኩትን ወግ፣ ለውሻ ሳልከራከር አስከበርኩት። በመላው አሜሪካ እንደ አገራችን ሥርዓት በእኔ ስም የምትጠራ አንዲት ፍጥረት አለች፤ እሷም ሶፋዬ ሥር ትተኛለች።

"ታስቀይረዋለህ?" አለችኝ ባለቤቴ።

"አላስቀይርም" አልኩ። ለምን እንዳልኩ ራሴም አላውቅም። እልህ ይሆናል። ወይም ስሜ ነው።

እንዲህ እየተቆራቆስን ልጅቷ ሦስት ዓመት ሞላት። ልደቷ እኛ ቤት ነበር፣ ቅዳሜ ቀን። ሴትዮዋ ቤልትስቪል ካለች ጓደኛዋ ጋር የሠሩትን ቀይ ወጥ በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። እንግዳው ሲወጣ የተረፈውን ሰብስባ፣ እንጀራ ፈትፍታበት፣ ለውሻዋ በሳህን አቀረበችላት። እኔ አይቻለሁ። አገር ቤት ውሻ የሚበላው ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም "ቂሙን ረሳችው መሰለኝ" ብዬ አሰብኩ። ውሻዋ ሳህኑን ላሰችው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ውሻዋ ታስመልሳለች፣ ድዷ ነጥቷል፣ ልትቆም አትችልም። ለልጄ ደወልኩ። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሁሉም መጡ፤ ልጄ፣ ባሏ፣ ልጅቷ፣ ሴትዮዋም ከነነጠላዋ። ድንገተኛ የእንስሳት ሆስፒታል ገባን፤ በክሊኒኩ ካርዷ አስመዘገብናት። ሐኪሟ ምን እንደበላች ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል አለችኝ። "ምን ያህል ሽንኩርት ይኖርበታል?" ስትለኝ አንድ ድስት ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ በእጄ ክምር አሳየኋት። ጽሑፏን ትታ ደም እንዲመጣ አዘዘች።

ወደ መጠበቂያው ተመልሼ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ሽንኩርት ነው ገዳዩ፣ እህቴ።"

"ልገድላት ብፈልግ ሽንኩርት አልመርጥም ነበር፣ ወንድሜ" አለች። ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "አላወቅሁም። በጌታ ስም አላወቅሁም።"

አመንኳት። ብዙ ነገሯን አላምንም፣ ይህን ግን አመንኩ፤ እኔም አላወቅሁም ነበርና።

ልጅቷ ወለሉ ላይ በአሻንጉሊት ትጫወታለች። በዚህ መሃል ከመስኮቱ በኩል ያለችው ወጣት ወረቀት ይዛ ብቅ አለችና ጮክ ብላ "አኒታ" አለች፤ ከዚያ የእኔን ስም ጨመረች።

የልጅ ልጄ አሻንጉሊቷን ጥላ ተነሣች። እጇን እንደ ተማሪ ወደ ላይ አንሥታ "ዛትስ ሚ!" አለችና ወደ መስኮቱ ሮጠች።

ወጣቷ ሳቀች። ጎንበስ ብላ ሙሉ ስሙን፣ ከእነእኔው፣ ደግማ ጠራችና "አንቺ ነሽ?" አለቻት።

"የስ" አለች ልጅቷ። "አይ ኤም።"

ማንም አላረመም። ልጄ ስልኳ ላይ ነበረች። ባሏ እንደ ልማዱ ዝም ብሏል። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ፤ ባለቤቴ ቤት ስለቀረች ኮቴን የሚጎትት አልነበረም። የጎተተኝ የሴትዮዋ እጅ ነው።

"ይቀመጡ" አለችኝ በዝግታ። "ሰምተዋል። ጠግበው ይስሙት፤ ሁለተኛ አይደገምም።"

"ዋት ኢዝ ኢት?" አለች ልጄ ቀና ብላ። "ሁለታችሁ ምን ሆናችሁ?"

ሴትዮዋ አየችኝ። አፏ ላይ እንዳለ አወቅሁ፤ የውሻዋ ስም ትርጉም፣ የልክሽን እወቂ፣ የሦስት ዓመቱ ሁሉ። ክፉ ቀን ከዚህ ወዲያ የለም።

"ምንም" አለች። "አባትሽ ስሙ ሲጠራ ደስ ብሎት ነው።"

ይህን ያለችው አዝናልኝ እንደሆነ ወይም ዕዳውን ልታከብድብኝ እንደሆነ ዛሬም አልጠየቅኳትም። ይቅር አላልኳትም። ስሙንም አልወደድኩትም። ያዘጋጀሁት ስም አሁንም እኔ ጋ አለ፤ የሚወስደው ሰው የለም። ውሻዋ ዳነች። ሴትዮዋ ቤታችን ስትመጣ አሁንም በሩ ላይ ቆሜ "አኒታ!" እላለሁ፤ ሁለቱ ይመጣሉ፣ ቀድማ የምትደርሰው ልጅቷ ናት። ሴትዮዋ ደግሞ በእኔ ስም ጨምራ ውሻዋን ትጠራታለች፣ ጥርት አድርጋ፣ እንደ ጸሐፊ።

ያኔ ውሻዋ ከሆስፒታል ስትወጣ ሒሳቡ መጣ። ካርዴን አወጣሁ። ሴትዮዋ የእሷን በላዩ ላይ ጣል አደረገች።

"ያንሱት" አልኳት። "ውሻዋ የእኔ ናት።"

"ሽንኩርቱ የእኔ ነው።"

የልጄ ባል፣ ያ የማይናገረው፣ መሃላችን ገብቶ "ስፕሊት እናድርገው" አለና የራሱን ካርድ ጨመረ። ወረቀቱ ላይ ከላይ አኒታ ተብሎ ከጎኑ የእኔ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ደም፣ መርፌ፣ የአልጋ፣ የሦስት ሌሊት ጥበቃ። የሁላችን ተደምሮ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ስድስት ዶላር።